ማይኩን አትንጠቁት

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወጣቶች ፕሮግራማችን ላይ የምስክርነት ጊዜ ነበር። አንዲት እህት ሥራ ስለ ማግኘቷ፣ አንድ ወንድም ፈተና ስለ ማለፉ መስክረው እልል ተባለ። ቀጥሎ አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ተነሣ። ታላቅ ወንድሙ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃይ ቆይቶ ከሦስት ሳምንት በፊት ተቀብሯል። ስለ እርሱ ጾመናል፤ አዳር ጸልየናል፤ «አይሞትም» ብለው ያወጁም ነበሩ። ልጁ ማይኩን እንደ ያዘ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም «እግዚአብሔር ትቶኛል። ለምን እንደ ተወኝ አላውቅም። ስጠራው አይመልስልኝም» አለ።

አዳራሹ ጭጭ አለ። የፕሮግራሙ መሪ ደንግጦ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበርና ለኪቦርድ ተጫዋቹ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። መሪው ፈገግ ብሎ ማይኩን ከልጁ እጅ ወሰደና «ጠላት አፍሯል! እጃችንን ለጌታ እናንሣ!» አለ። ዘመርን። መዝሙሩ ሲያልቅ የልጁ ወንበር ባዶ ነበር።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ሌላ ሰው ለመክሰስ አይደለም። ምልክቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ የጉባኤውን እምነት የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ቤቱ ድረስ ሄጄ ስጠይቀው፣ እናቱ ቡና እያፈሉ፣ እርሱ መሬት መሬት እያየ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ እኔ እኮ እየመሰከርኩ አልነበረም። ቤት ውስጥ መጸለይ ስላቃተኝ እናንተ መሀል ቆሜ ልጸልይ ነበር የመጣሁት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር በልቤ ጸንቷል። እርሱን ዛሬ ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። በመከራ ውስጥ «እግዚአብሔር ትቶኛል» ብሎ ወደ እግዚአብሔር የሚጮኽን ሰው ዝም የምታሰኝ ጉባኤ እምነትን እየጠበቀች አይደለም። ጌታዋ ራሱ የጸለየውን ጸሎት ከልጆቿ አፍ እየነጠቀች ነው።

እስቲ ወደ ቀራንዮ አብረን እንሂድ። ማርቆስ በምዕራፍ 15 ሰዓቱን የሚቆጥረው እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ በምትወጣበት ጊዜ፣ ምድሩ ጨለመ። ጨለማውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። በዘጠኝ ሰዓት ኢየሱስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጮኸ፤ አምላኩን ለምን እንደ ተወው ጠየቀው። ማርቆስና ማቴዎስ ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ ከተናገራቸው ቃላት የጻፉልን ይህን አንዱን ብቻ ነው። ወንጌላቸውን በግሪክኛ ሲጽፉ ይህን ጩኸት ግን ኢየሱስ በጮኸበት ቋንቋ እንዳለ አስቀመጡት፤ ትርጉሙን ከሥሩ አስከተሉ። የሚያሳፍር ቃል መስሎ ቢታያቸው ኖሮ ሊያልፉት ይችሉ ነበር። አላለፉትም።

በዚያ የቆሙትን ሰዎችም አስተውሉ። ጩኸቱን ሰምተው ኤልያስን የሚጠራ መሰላቸው። መስቀሉ አጠገብ ቆመው፣ በጆሯቸው እየሰሙ፣ የሰሙት ሌላ ነገር ነበር። እኔም በዚያች ቅዳሜ የሆንኩት ይህንኑ ነው። ልጁ አምላኩን ሲጠራ እኔ የሰማሁት የጠላትን ድምፅ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ «ኢየሱስ እኮ መዝሙር 22ን እየደገመ ነው እንጂ የእውነት እንደ ተተወ ተሰምቶት አይደለም» የሚል ማብራሪያ ሰምታችሁ ይሆናል። ቃሉ የመዝሙር 22 መክፈቻ መሆኑ እርግጥ ነው። መዝሙሩ በምስጋና እንደሚያልቅም ጌታ ያውቃል። ነገር ግን እጁ የተቸነከረ ሰው ጥቅስ መሸምደዱን ለማሳየት አይጮኽም። የዕብራውያን ጸሐፊ በምዕራፍ 5 ላይ ኢየሱስ በምድር ሳለ እያለቀሰና እየጮኸ ይጸልይ እንደ ነበር ይነግረናል። ያ እንባ ለታይታ የፈሰሰ አልነበረም።

ታዲያ በመስቀል ላይ ምን ሆነ? አብ ልጁን መውደድ አላቆመም፤ ወልድም ከአምላክነቱ አልተለየም። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 5 እግዚአብሔር በክርስቶስ ሆኖ ዓለምን ከራሱ ጋር ያስታርቅ እንደ ነበር ያስተምረናል። ነገር ግን ኃጢአት የማያውቀው እርሱ የእኛን ኃጢአት ተሸከመ፤ በገላትያ 3 እንደ ተጻፈውም የእርግማኑን ስፍራ ያዘ። ኃጢአት ሰውን ከእግዚአብሔር የሚያርቅበትን ያን ጨለማ በእኛ ቦታ ቆሞ እስከ መጨረሻው ቀመሰው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ሁለቱንም አጥብቃችሁ ያዙ።

አንደኛ፣ ኃጢአት የሌለበት ጌታ እንደዚህ ከጸለየ፣ ይህ ስሜት በራሱ ኃጢአት ሊሆን አይችልም፤ የእምነት ማነስ ምልክትም አይደለም። ጸሎቱ የሚጀምረው «አምላኬ» በሚለው ቃል መሆኑን ልብ በሉ። ፊቱ የተሰወረበት ሰው ያን የተሰወረውን አምላክ አሁንም «የእኔ» ይለዋል። ከዚህ የበለጠ እምነት ካለ አሳዩኝ።

ሁለተኛ፣ ስሜቱ ስሜት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ክርስቶስ ያን ስፍራ ስለ እኛ ከያዘ፣ በክርስቶስ ያለ ሰው በእርግጥ ወደ ተተወበት ስፍራ ሊደርስ አይችልም። ሕመሙ እውነት ነው፤ የሚያወራው ወሬ ግን እውነት አይደለም። ይህን የምናውቀው ልባችን ስለ ሞቀ ወይም ስለ ቀዘቀዘ አይደለም፤ ያ በዘጠኝ ሰዓት የጮኸው በሦስተኛው ቀን ስለ ተነሣ ነው። መዝሙር 22 ራሱ በቁጥር 24 ላይ እግዚአብሔር የተጨነቀውን ሰው እንዳልናቀና ፊቱን እንዳልሰወረበት ይናገራል። ሆኖም በዓርብና በእሑድ መካከል አንድ ሙሉ ቅዳሜ ነበረ። በዚያ ቀን ከሰማይ የተሰማ ድምፅ አልተጻፈልንም። ብዙዎቻችሁ ዛሬ ያላችሁት በዚያ ቅዳሜ ውስጥ ነው። በቅዳሜ የሚኖርን ሰው «ለምን እንደ እሑድ አትዘምርም?» ብሎ መቆጣት ጭካኔ ነው።

አሁን ወደ ኳየራችን ልምጣ። መዝሙረ ዳዊትን ገልጣችሁ ቁጠሩ። ከ150ው መዝሙራት አንድ ሦስተኛ የሚያህሉት የልቅሶና የአቤቱታ መዝሙራት ናቸው። መዝሙር 22 እና 88 በርእሳቸው ላይ ለመዘምራን አለቃ የተሰጡ ናቸው፤ ማለትም የአንድ ሰው የግል ማስታወሻ ሆነው አልቀሩም፣ በጉባኤ እንዲዘመሩ ታስበው ተጽፈዋል። መዝሙር 88ማ እንደ ብዙዎቹ የልቅሶ መዝሙራት ወደ ምስጋና ሳይዞር ያልቃል። በዕብራይስጡ የመጨረሻው ቃሉ ጨለማ ነው። እግዚአብሔር ይህን መዝሙር በቅዱስ ቃሉ ውስጥ ሲያስቀምጥ «መጨረሻውን አስተካክሉልኝ» አላለም። እስቲ የእኛን የዓመቱን ዝማሬዎች ደርድሩና «ለምን?» የሚል አንድ ፈልጉ። ከሦስት አንዱ ቀርቶ ከሠላሳ አንድ ታገኛላችሁ? የእግዚአብሔር ሕዝብ የመዝሙር መጽሐፍ ለሚያለቅስ ሰው ቦታ አለው፤ የእኛ ግን የለውም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ክብደት ያለው ስለሆነ ልዝለለው አልፈልግም። «እስራኤል በምድረ በዳ ስላጉረመረሙ ተቀጥተው የለም ወይ? ጳውሎስስ ሁልጊዜ ደስ እንዲለን፣ በሁሉም እንድናመሰግን አላዘዘም ወይ?» ይባላል።

አዎ፣ አጉረምርመው ተቀጥተዋል። ግን የት ሆነው፣ ለማን ነበር የሚያጉረመርሙት? ሙሴ በዘዳግም 1 ሲያስታውሳቸው በየድንኳናቸው ተቀምጠው ነበር፤ እግዚአብሔር ስለ ጠላቸው ከግብፅ እንዳወጣቸው እርስ በርስ ያወሩ ነበር። ማጉረምረም እግዚአብሔርን ማማት ነው። አቤቱታ ግን ፊት ለፊት ቆሞ ለራሱ መናገር ነው። የገዛ ቋንቋችንን ስሙት እንጂ! አያቶቻችን ፍትሕ ሲጓደልባቸው ከንጉሥ ደጅ ሄደው «አቤት! አቤት!» ይሉ ነበር። የሚጮኹት ዳኛ አለ፣ ይሰማል፣ መፍረድም ይችላል ብለው ስላመኑ ነው። በመዝሙረ ዳዊትስ እግዚአብሔርን የምንጠራበት ቃል «አቤቱ» አይደለምን? ባዶ ወንበር ፊት አቤት የሚል የለም። ስለዚህ «እግዚአብሔር የለም» ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄደውንና «እግዚአብሔር ሆይ፣ ወዴት አለህ?» ብሎ ደጅ የሚጠናውን አንድ አታድርጉ።

ደስ ይበላችሁ ያለው ጳውሎስም ቢሆን ያንን የጻፈው ከእስር ቤት ነው። ያው ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 1 ላይ በእስያ ከደረሰበት መከራ የተነሣ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ ቆርጦ እንደ ነበር ሳያፍር ጽፏል። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 12 ደግሞ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ እንደ ለመነና መውጊያው እንዳልተወሰደለት ይነግረናል። የጳውሎስ ደስታ ከዚህ ሁሉ ጋር አብሮ የሚኖር ደስታ ነበር። የኪቦርድ ድምፅ ጨምሮ እንባን መሸፈን ሌላ ነገር ነው።

ሌላው በመካከላችን የሚሰማ ቃል «አፍህን ጠብቅ፣ የተናገርከው ይሆንብሃል» የሚለው ነው። ይህ ትምህርት እውነት ቢሆን ኖሮ ዳዊትም ኤርምያስም ጠፍተው በቀሩ ነበር። ኤርምያስ በምዕራፍ 20 የተወለደበትን ቀን ረግሟል፤ እግዚአብሔር ግን ከነቢይነቱ አላወረደውም። ከሁሉ በላይ ኢዮብን ተመልከቱ። ኢዮብ እግዚአብሔርን ሞገተ፣ ለምን እንደ ጠላት እንደሚቆጥረው ጠየቀ። ሦስቱ ጓደኞቹ ደግሞ እኛ በየወንበራችን የምንለውን ሁሉ አሉ፦ የተደበቀ ኃጢአት አለብህ፣ ንስሐ ግባ፣ ነገርህ ይቃናል። በመጨረሻው ምዕራፍ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በጓደኞቹ ላይ ነው። ስለ እርሱ ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ መሆኑን መሰከረ፤ ጓደኞቹም ኢዮብ እንዲጸልይላቸው ታዘዙ።

በነገራችን ላይ ጓደኞቹ ሲመጡ መልካም ጀምረው ነበር። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። የእኛ አገር ለቅሶ ቤት ይህን ያውቃል። ጎረቤት መጥቶ ይቀመጣል፤ ንፍሮው ይቀርባል፤ ማንም ስብከት አይጠብቅበትም። የኢዮብ ጓደኞች የተበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ከታሪክም ሁለት ነገር ላንሣ። በእንግሊዝ አገር ኦልኒ በምትባል ከተማ ያገለግል የነበረውን ጆን ኒውተንን ታውቁት ይሆናል፤ የባሪያ መርከብ መሪ የነበረና በኋላ የወንጌል አገልጋይ የሆነ፣ ስለ አስደናቂው ጸጋ የተዘመረውን ዝነኛ መዝሙር የጻፈ ሰው ነው። ገጣሚው ዊልያም ኩፐር ጎረቤቱና ወዳጁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1773 ኩፐር ከባድ የአእምሮ ሕመም ወደቀበት፤ እግዚአብሔር ለዘላለም እንደ ጣለው አመነ፤ የራሱን ሕይወት ለማጥፋትም ሞከረ። ኒውተን ምን አደረገ? ቤቱን ከፈተለት። ኩፐር ከአንድ ዓመት በላይ በኒውተን ቤት ተቀመጠ። የሁለቱ መዝሙራት በአንድ መጽሐፍ ሆነው በ1779 ታተሙ፤ አብያተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ ይዘምሯቸዋል። ኩፐር በ1800 እስኪሞት ድረስ ጨለማው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም። መዝሙሮቹ ግን አልተሰረዙም፤ ወዳጁም «እምነት የለህም» ብሎ አላባረረውም።

የራሳችንም ታሪክ አለ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከጉባኤ ሲወጡ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ፤ ተገረፉ። በእነዚያ ሌሊቶች ምን ብለው እንደ ጸለዩ እኔ አልናገርላቸውም። እናንተን የምጠይቀው ግን ይህን ነው፦ ስለዚያ ዘመን ስንተርክ ለምንድን ነው ሁልጊዜ «ቤተ ክርስቲያን በስደት በዛች» ወደሚለው የምንሮጠው? መብዛቷ እውነት ነው፤ ክብሩ ለጌታ ይሁን። ነገር ግን በመካከሉ አሥር ዓመት አለ። ባሏ የት እንደ ተጣለ ሳታውቅ ለምትታሰር ሚስት የሚሆን ቃል የሌለው እምነት ያንን ዘመን አይሻገርም ነበር። የአባቶቻችንን ድል ወርሰን ጩኸታቸውን አንጣል።

አንድ ጥንቃቄም ልጨምር፤ አለዚያ በሌላው ጉድጓድ እንወድቃለን። ተትቻለሁ ማለት ጌጥ አይደለም። ጥርጣሬን እንደ ልብስ ለብሶ፣ «እኔ እንደ እናንተ የዋህ አይደለሁም» እያሉ በጨለማ መመካትም አለ። መዝሙር 22 በጩኸት ይጀምራል እንጂ በጩኸት ቤት አይሠራም። ጩኸቱ አድራሻ አለው፤ መልስ ይጠብቃል። ደግሞም አንዳንድ ጊዜ ይህ ስሜት ሐኪም የሚያየው ሕመም ነው። እንቅልፍ ከራቃችሁ፣ ምግብ ከጠላችሁ፣ በተለይ ሕይወታችሁን ስለ ማጥፋት ካሰባችሁ፣ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ሐኪም ቤትም ሂዱ። ኩፐር የዳነው ብቻውን ታግሎ አይደለም፤ ሰዎች ስላልተዉት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ትልቅ ጉባኤ መጥራት አያስፈልግም። በወር አንድ ቅዳሜ ከልቅሶ መዝሙራት አንዱን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። መዝሙር 88 ሲነበብ መጨረሻውን ለማሳመር አትሞክሩ፤ ጥቂት ዝም በሉ። መዝሙር የምትጽፉ ልጆች «ለምን» ብሎ የሚጀምር አንድ መዝሙር ጻፉልን። ሐዘንተኛ ልትጠይቁ ስትሄዱ «ለበጎ ነው» የሚለውን ቃል ደጅ ትታችሁ ግቡ፤ ሮሜ 8 እውነት ነው፤ ግን በሬሳ ሳጥን ፊት ለመወርወር አልተጻፈም። በምስክርነት ሰዓት የሚያለቅስ ሰው ሲነሣ ደግሞ ማይኩን አትንጠቁት። ይጨርስ። ከዚያ አጠገቡ ቁሙ፣ ቃላቱን የእናንተ አድርጋችሁ አብራችሁት ጸልዩ።

ያ ልጅ ከጊዜ በኋላ ተመልሷል። የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ስንዘምር ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ እኔም ለምን ብዬ አልጠይቀውም። ባለፈው ወር መዝሙር 22ን የሚያነብ ሰው ስንፈልግ እጁን አወጣ። ድምፁ መሀል ላይ ተቆረጠ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ወደ እኔ አየ። ዝም አልኩት። ልጁ ትንቅ ትንቅ እያለ እንደ ምንም እስከ መጨረሻው አነበበው።

አንተም ሆንክ አንቺ፣ ዛሬ ሰማዩ እንደ ናስ ከብዶብህ፣ ጸሎትሽ ከጣሪያ አላልፍ ብሎሽ ይህን የምታነቡ፣ የመጣችሁበት ቦታ ማንም ያልደረሰበት አይደለም። ጌታ በዘጠኝ ሰዓት እዚያ ነበረ። የሚጸልይ ቃል ካጣችሁ የእርሱን ተዋሱ፤ ለዚሁ ነው የተጻፈው። አቤት በሉ። ደጁን አትልቀቁ።